ያለፈው ወር የትኛው ነው?

ሰኞ መስከረም አምስት ቀን ጠዋት፣ ዳናይት ካዛንቺስ ካለው ቢሮዋ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስልኳ ጮኸ። የደወሉት ሲስተር አስቻለች ናቸው፤ ቡልጋሪያ ሰፈር የሚገኘው፣ ዳናይት የምትሠራበት ድርጅት ማዋለጃ ክሊኒክ ኃላፊ።

«ልጄ፣ ያንን ሪፖርት የምትሠሪው አንቺ ነሽ አሉኝ። ወሊድ ሰማንያ አንድ በመቶ ቀነሰ ይላል። ዓርብ ለሦስት አዋላጆቼ የዝውውር ደብዳቤ መጣ፣ ሁለቱ ዛሬ ሄዱ። እኔ ደግሞ አልጋ አጥቼ እናቶችን ኮሪደር ላይ አስቀምጫለሁ። ምኑ ነው የቀነሰው?»

ዳናይት ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሪፖርቱን የሠራችው ባለፈው ጥር ነው። በየጠዋቱ የዕለቱን ቀን ራሱ አይቶ፣ ያለፈውን ወር ራሱ ቆጥሮ፣ ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር ያወዳድራል። ማንም ቀን መሙላት የለበትም። ስትጨርሰው አለቃዋ አቶ ታዲዎስ በስብሰባ መካከል አመስግነዋት ነበር።

አሁን ስክሪኑ ላይ «ያለፈው ወር፦ 23» ይላል፤ ከጎኑ «ከዚያ በፊት የነበረው ወር፦ 124»።

የጎደለ ዳታ መስሏት ፈለገች። የጎደለ የለም። ክሊኒኩ በየቀኑ የላከው ሁሉ ገብቷል። ሪፖርቱን አድሳ ከፈተችው፤ ሃያ ሦስት። አጠገቧ የሚቀመጠውን ዮአብን ጠራችው። እሱም ጎንበስ ብሎ አየና «በዓል ስለነበር ይሆናላ» አለ።

«በዓል ቢሆንስ፣ ምጥ በዓል ያውቃል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ማለቴ፣ ሲስተሯ አጋንነው ይሆናል። ዳታው ይኸው፣ በቃ።»

እሷም ለአፍታ እንደዚያ አሰበች። ሲስተር አስቻለች ግን በሥራ የሚያጋንኑ ሰው አይደሉም። ማንን እንደምታምን ግራ ሲገባት ታክሲ ይዛ ወደ ቡልጋሪያ ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ አምስት ነፍሰ ጡሮች ተቀምጠዋል። አንዷ ግድግዳውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። የቀረችው አዋላጅ፣ አርያም፣ ጓንቷን እየቀየረች ሰላም ሳትላት አለፈች። ሲስተር አስቻለች ትልቁን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት።

«ቁጠሪ። ይኸው ነሐሴ» ብለው ገጽ ገለጡ፣ ሌላ ገጽ፣ ደግሞ ሌላ። «ይኸው ጳጉሜ።» ጳጉሜ አንድ ገጽ ሞልታ ከሁለተኛው ትንሽ ወስዳለች።

ዳናይት በጣቷ ቆጠረች። ሃያ ሦስት።

«ሲስተር፣ ጳጉሜን ለብቻዋ ነው እንዴ የሚመዘግቡት?»

«ታዲያ ከማን ጋር ልመዝግባት? አሥራ ሦስተኛ ወር አይደለችም?»

ዳናይት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ጥር ላይ ለኮምፒውተሩ የጻፈችው የትእዛዝ መስመር ትዝ አላት። የዛሬው ወር መስከረም ከሆነ ያለፈው ወር አሥራ ሦስተኛው ነው። ጳጉሜ እንዳትረሳ ብላ፣ ተጠንቅቃ የጻፈችው ነበር። ሪፖርቱም የታዘዘውን አድርጓል፤ አምስት ቀን ከሠላሳ ቀን ጋር አወዳድሯል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። ሲስተር አስቻለች ግን ምጥ የያዛት ጠርታቸው ተነሥተው ሄደው ነበር።

ከሰዓት አቶ ታዲዎስ ጋ ገባች። አስረዳቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«እሺ። ታዲያ ባለፈው ወር ስንት እናቶች ወለዱ?»

«የትኛው ያለፈ ወር?»

«አንቺ ደግሞ! ያለፈው ወር ነዋ!»

«ማለቴ... ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ብደምራት መቶ አርባ ሰባት ይሆናል። ግን ሠላሳ አምስት ቀን ነው፤ ወሊድ የጨመረ ይመስላል። ነሐሴን ብቻ ብወስድ ደግሞ በጳጉሜ የተወለዱት ልጆች የትም አይገቡም።»

«እኔንም አደናገርሽኝ» አሉ። ስልካቸውን አነሡና ዝውውሩ እንዲሰረዝ አዘዙ። «ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከመፈረሜ በፊት ወደ ክሊኒኩ አንድ ስልክ መደወል ያቅተኝ ነበር?»

ዳናይት እስከ ማምሻ የወር ስም የሚባለውን ሁሉ ከሪፖርቱ አወጣች። ከትናንት ጀምሮ ወደ ኋላ ሠላሳ ቀን እንዲቆጥር አደረገችው፤ ከነሐሴ 10 እስከ መስከረም 4፣ 131። ከዚያ በፊት የነበሩት ሠላሳ ቀናት፣ 122። ቀኖቹንም ከቁጥሮቹ በላይ በግልጽ ጻፈቻቸው። ያም ሆኖ ልክ መሆኑን ለማመን ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር አውርዳ በእርሳስ አንድ በአንድ ቆጠረች።

ረቡዕ ሁለቱ አዋላጆች ተመለሱ። ዳናይት ይቅርታ ልትጠይቅ ሄዳ አንዷን፣ መድኃኒት የምትባለውን፣ ክሊኒኩ በር ላይ አገኘቻት። ተቆጥታ ትጮህብኛለች ብላ ነበር።

«እኔኮ እውነት መስሎኝ ነበር» አለቻት መድኃኒት ቀስ ብላ። «ስንት ልጅ እንደተቀበልኩ አውቃለሁ፣ እግሬ እስኪያብጥ ቆሜያለሁ። ግን ወረቀቱን ሳየው፣ ምናልባት ዝም ብዬ ነው የደከመኝ አልኩ። ባለቤቴንም እንደዚያው አልኩት።»

«አልደከመሽም ማለቴ... ማለቴ፣ ደክሞሻል። ልክ ነበርሽ» አለች ዳናይት።

ከውስጥ አርያም «መዲ!» ብላ ተጣራች። መድኃኒት ነጠላዋን ለዳናይት አስይዛት እየሮጠች ገባች።