ያሳሳው ዱቄቱ ነው

"ያሳሳው ዱቄቱ ነው" አለች ፅናት ዛሬም፣ ሻንጣው ላይ ተንበርክካ ከዚፑ ጋር እየታገለች። "የባሌ ሱቅ መስኮት ጥይት የማይበሳው ፕላስቲክ ነበር። እሷ ፈግፍጋ ፈግፍጋ ወረቀት አደረገችው።"

ለቅሶ የመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። "እሷ" የተባለችው ኤርጎጌ፣ የሟቹ የጌዴዎን እህት፣ እዚያው በር ላይ ቆማለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱን ሳታሳድር ትሰጣቸው ነበር። ዛሬ ግን ጎንበስ ብላ የሻንጣውን ጠርዝ ያዘችላት፤ ዚፑ ተዘጋ።

"ከኋላሽ አላማሁሽም" አለች ፅናት።

"ሰምቻለሁ።"

"ያንን ማሽን ደግመሽ ብታስነሺው የባሌ ደም ይፋረድሽ።"

"ዛሬ እሸጠዋለሁ አልኩሽ እኮ።"

ኤርጎጌ በስደት አገሯ፣ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር፣ የስልክና የመኪና መስታወት ጭረት ታጠፋለች። ማንም አላስተማራትም፤ ከዩቲዩብ ነው የለቀመችው። ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለውን ቀላ ያለ ዱቄት በውሃ ትበጠብጣለች፣ ማሽኑ ላይ በታሰረ የሱፍ ጨርቅ ታሻለች፣ ግሎ እንዳይሰነጠቅ ውሃ ትረጫለች።

የጌዴዎን ሱቅ ዝርፊያ በማይጠፋበት፣ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ነው። መስኮቱን የሸፈነውን ወፍራም ነገር ከአንድ ደላላ ተከራክራ በግማሽ ዋጋ ያመጣችው ፅናት ናት። "ባሌን ከጥይት የጋረድኩት እኔ ነኝ" ትል ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር። ውሎ አድሮ ግን በአሸዋና በጠጠር ተጫጭሮ ጭጋግ ሆነ።

"ገዢውን ከሌባው መለየት አቃተኝ፤ እስኪ አጥሪልኝ" አላት ጌዴዎን። "ግን ፕላስቲክ ነው አሉ።"

"ፕላስቲክ ይሁን ድንጋይ፣ በኔ እጅ ያልጠራ የለም።"

ጠራ። ጌዴዎን ወጪ ወራጁን በመስኮቱ በአገሬው ሰላምታ "ሳውቦና!" እያለ እንደ ልጅ ሳቀ። በወሩ አንዱ ሽጉጥ ደገነበት። ጌዴዎን ገለል አላለም፤ መስኮቱን ተማምኖ በጣቱ አንኳኳበት። ጥይቱ አንገቱን ነው ያገኘው።

ፅናትን የጫነው መኪና ወደ ኤርፖርት እንደሄደ፣ ኤርጎጌ ማሽኑን ተሸክማ ሻፊ ሱቅ ገባች። ዱቄቱንም ማሽኑንም የሸጠላት እሱ ነው።

"ሻፊ፣ መልሰህ ግዛኝ።"

"ሐዘን የሚረሳው በሥራ ነው እህቴ። ምን ይሉት ሽያጭ ነው?"

"የወንድሜን መስኮት ዱቄቱ ነው ያሳሳው ይላሉ።"

"ወላሂ ውሸት! ቀን ሙሉ ብታሺ የሚያነሳው ከፀጉር የቀጠነ ነው። ይሄ እንደ አሸዋ አይልግም፤ ከውሃው ጋር ሆኖ የመስታወቱን ገጽ አላልቶ ያለሰልሰዋል። የካሜራ መስታወት እንኳ የሚጠራው በሱ ነው። ፕላስቲክን ግን ንክችም አያደርገው።"

"የኔን ግን አጥርቶታል።"

"ዕድሜ ልክሽን ብታሺው!" ከጠረጴዛው ስር የተጫጫረ ቁራጭ አወጣላት፤ የራሱ ሱቅ መስኮት ትራፊ፣ እውነተኛው የጥይት መከላከያ ፕላስቲክ። "እንኪ፣ ሞክሪ።"

በጠበጠች፣ አሸች፣ ውሃ ረጨች፣ ደግማ አሸች። ስትጠርገው ጭጋጉ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል። ቁራጩ መዳፏ ላይ ሞቅ አለ። የጌዴዎን መስኮት እንደ ውርጭ ይቀዘቅዝ ነበር። ያን ቀን ሲጠራላት አልጠረጠረችም፤ ኮራች እንጂ።

ስልኳ ጮኸ። ፅናት ናት።

"የጌዴዎንን ሳጥን አውሮፕላኑ ውስጥ አስገቡት። እኔም ልገባ ነው።" ድምጿ ሰልሏል። "ኤርጎጌ፣ አገር ቤት ሆሳዕና ስደርስ እናታችሁን ምን እላታለሁ? አንዴ ብቻ ከአፍሽ ልስማው። ዱቄቱ ነው አይደል? ያ እኔ የገዛሁት... ደህና ነበር አይደል?"

ሻፊ ቁራጩን አየ፤ እሷን አየ።

"ያ ከጠራልሽ፣ ተራ መስታወት ነው የሸጡላችሁ" አለ ቀስ ብሎ።

ኤርጎጌ ስልኩን በመዳፏ አፈነችው። ከዚያ ለቀቀችው።

"ደህና ነበር ፅናቴ" አለች። "ዱቄቱ ነው።"

ማሽኑንም ወደ ሻፊ ገፋችው።