እየወደቁ ማውራት

ይህን ለማንበብ የምታጠፏት ጊዜ አታስቆጫችሁም፤ ታይሲያ አውሮፕላኑ በር ላይ ቆማለች፣ ነፋሱ ጉንጯን ይጠፈጥፋታል፣ እሷ በልቧ ትደግማለች፣ የመሬቱ ምልክት ይታየኛል፣ ስሜቴ ጥሩ ነው፣ ይታየኛል፣ ጥሩ ነው፣ ትናንት በእናቷ ኩሽና ሾርባ እያማሰለች እንደ ዳዊት ሸምድዳዋለች። ለጠፈር የታጨ ሰው ፓራሹቱን እስኪከፍት ድረስ እየወደቀ ማውራት አለበት፣ ደረቱ ላይ የድምፅ መቅረጫ ይታሰርለታል፣ ፍርሃት መጀመሪያ የሚያስረው ምላስን ነዋ፣ ሐኪሙ ደግሞ ኋላ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ባለፈው የሷ ካሴት ላይ የተገኘው ነፋስ ብቻ ነው። ነፋስ። ዛሬም ዝም ካለች ትባረራለች፣ ጠፈር የለ ምን የለ።

አሰልጣኙ ሳቬሊ ኢግናትዬቪች ጆሮዋ ሥር ይጮሃል፣ ምን ትጠብቂያለሽ የኔ እመቤት፣ ትራም ነው እንዴ፣ በጉልበቱም ከኋላ ይገፋታል፣ እዚህ ሰው የሚመረቀው እንዲህ ነው።

ትወድቃለች። ምላሷ ይሠራል፣ እሰይ፣ የመሬቱ ምልክት ይታየኛል፣ ድምፅዋ ልክ እንደ ዜና አንባቢ፣ ስሜቴ ጥሩ ነው፣ ቆይ፣ የምን ምልክት፣ ፊቷ ያለው ሰማይ ነው፣ ደመና፣ ፀሐይ፣ እንደገና ደመና፣ በጀርባዋ ናት እኮ፣ እየተሽከረከረች፣ አፏ ለብቻው ይወርዳል፣ ዓይኗ ለብቻው።

ዋሸሁ።

ማነው ያለው፣ እሷው ናት፣ ካሴቱ ውስጥ ገባ፣ አይወጣም። ዋሽቼ ነው፣ በጀርባዬ ነኝ፣ እየዞርኩ ነው፣ ፈርቻለሁ፣ ድምፅዋ እንደ ጠቦት ይርገበገባል፣ በቃ ተባረርኩ፣ ግራ እግሬ ታጥፏል፣ ታጥፏል ካልሽ ዘርጊው አንቺ ጅል፣ ዘረጋሁት፣ መዞሩ ቀነሰ፣ ተገለበጥኩ፣ ሜዳው መጣ፣ ምልክቱ መስቀል፣ አይ አይደለም፣ ሦስት ማዕዘን፣ ቀይ፣ መክፈቻው ከፍታ ደርሷል፣ የፓራሹቱን ቀለበት እስባለሁ፣

ፓራሹቱ ይከፈታል፣ ትከሻዋ ወደ ላይ ይነጠቃል።

ሜዳው ላይ ሐኪሙ ሮዲዮን ፓቭሎቪች ካሴቱን ያስጮኸዋል፣ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያስጮኸዋል። እዚህ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ፣ ታይሲያ፣ ይላታል፣ አንዷ ረጋ ያለች ውሸታም፣ አንዷ የምትንቀጠቀጥ፣ የትኛዋን ወደ ጠፈር ልላክ ትያለሽ? የምትንቀጠቀጠዋን፣ ሮዲዮን ፓቭሎቪች፣ ቢያንስ እሷ እግሯ የት እንዳለ ታውቃለች። እንግዲያው ንገሪያት፣ ነገ ጠዋት ለሥልጠናው እንዳታረፍድ፣ ያቺ ሌላዋ ደግሞ እናትሽ ጋ ሾርባ ታማስል።

እናንተም ፍርሃት ሲይዛችሁ የሸመደዳችሁትን ተዉትና ዓይናችሁ የሚያየውን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ድምፃችሁ ቢሰበርም ግዴለም፣ እስቲ ሞክሩት።