የአባ ሸምቀቆ ማርከሻ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የውባየሁ ሥራ ክፉ ሰው ማበጀት ነበር። ክፉውን አባ ሸምቀቆ ብሎታል። አባ ሸምቀቆ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር፣ የሰው መንገድ የሚቋጥር ጠንቋይ ነው። ውባየሁ ደግሞ ሱዳን ውስጥ በኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የሚኖር፣ መንገዱ የተቋጠረበት የሒሳብ መምህር ነው። ደመወዝ ሲቋረጥበት «ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብቻ» ብሎ ከመተማ ተሻገረና እዚያው ቀረ። ወደ ኋላ እንዳይመለስ አገሩ ተኩስ ነው፤ ወደ ፊት እንዳይሄድ ካርቱም ተኩስ ነው። መሃሉን ረኀብ ይዞታል። ራሽኑ መጀመሪያ ተጓደለ፣ ከዚያ ተገመሰ፣ ከሐምሌ ወዲህ በጣሳ የሚሰፈር ማሽላ ብቻ ሆነ። ፍልሰታ ሲገባ ፀጉር አስተካካዩ ረዳ፣ «ጾም እኮ የሚገባው ከፍስክ ነው፤ እኛ ከየት ልንገባ ነው?» ብሎ ሰውን ሁሉ አስቆ መልሶ አስከፋው።

አባ ሸምቀቆ የተበጀለትን ጨዋታ ለውባየሁ የተወለት ሙዘይን የሚባል ተማሪ ነው። ካርቱም ተወልዶ ያደገ፣ ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ ልጅ ነበር፤ ሁለት ወር ቆይቶ ወደ ከሰላ ሲሄድ ሃያ ገጽ ያላት አንዲት ጠጠር አስጨብጦት ሄደ። በየገጿ ቁጥር ተጽፎባታል። ጨዋታው ዳማም አይደለም፣ ገበጣም አይደለም። አጫዋቹ ተረት ይጀምራል፤ ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ሆነው በተረቱ ውስጥ ይገባሉ፤ «በሩን እሰብራለሁ»፣ «ወንዙን እሻገራለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ጠጠሯ ትወስናለች። የአጫዋቹ ፈንታ ጀግኖቹን የሚፈትን ባላንጣ ማዘጋጀት ነው።

ይህ ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ ይሞክረው። የባላንጣው ድግምት ከላላ ጨዋታው ውሃ ውሃ ይላል፤ ከጠበቀ ደግሞ ተጫዋቹ ያለ ጥፋቱ ይሞትና ተቀይሞ ይሄዳል። ውባየሁ ጎንደር ያደገ ሰው ነውና ሚዛኑን ያገኘው ከሰፈሩ ወሬ ነው፦ ማርከሻ የሌለው መተት የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድግምት ሁለት ነገር ይጽፍ ነበር፤ ደጋሚው የሚከፍለውን ዋጋና ድግምቱ የሚፈታበትን ማርከሻ። አባ ሸምቀቆ አምባውን በጉም ሲሸፍን ራሱም አያይም፤ ጉሙ እስኪነሣ በመቋሚያው እየዳበሰ ይሄዳል። አንበጣ ሲጠራ የራሱም አዝመራ ይበላል፤ አንበጣው ቆርቆሮ ሲደበደብ ይበተናል። ይህን ጽፎ ዝም አይልም፤ ጠጠሯን አርባ ጊዜ ጥሎ ጀግኖቹ ስንት ጊዜ እንደሚተርፉ ይቆጥራል። ከአርባው ሠላሳውን ከሞቱ ድግምቱን ያላላዋል፣ ሠላሳውን ከዳኑ ያጠብቀዋል። ሆዱ ሲጮህ እንደዚህ ያለ ሒሳብ ከጸሎት ያልተናነሰ ይረዳው ነበር።

ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው፤ ቀትር ላይ በዘኪያ የሻሂ ዳስ ይሰበሰባሉ። ዘኪያ ገዳሪፍ የተወለደች የነጋዴ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ሲያልቅባት በዓረብኛ ትቀጥላለች። አንዱ ረዳ ነው። ሦስተኛው አየነው የቋራ ሰው፣ የታወቀ የሰሊጥ አጫጅ ነው። ሁለቱ በገዛ ስማቸው ሲጫወቱ እሱ ለጀግናው የሚስቱን ስም ሰጥቷል። «ከማሬ የባሰ ደፋር አላውቅም» ብሎ። እውነተኛዋ ማሬ ግን በዚያን ሰሞን የምትደፍርበት አቅም አልነበራትም። ወሯ ገብቷል። የክሊኒኩ አዋላጅ ሆዷን ዳብሳ፣ ልጁ አግድም ተኝቷልና ምጥ ሳይጀምራት ገዳሪፍ ሆስፒታል መድረስ አለባት ብላለች፤ ካልደረሰች ሁለቱም አይተርፉም። የክረምቱ ዋልካ መኪና አያሳልፍም። የሚያልፈው ተጎታች ያለው ትራክተር ነው፤ እሱም የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ብቻ ነው። አየነው ቀኑን በጣቱ እየቆጠረ ነበር የሚጫወተው።

ረቡዕ ቀን ውባየሁ አዲስ ድግምት ይዞ መጣ። ስሙ «ክብ» ነው። አባ ሸምቀቆ የሚኖርበትን አምባ ሲሥል ሌላ አምባ አላውቅም ብሎ ካምፑን ራሱን ሥሎታል፤ የውሃ ታንከሩን፣ ወንዙን፣ የቆርቆሮዋን ቤተ ክርስቲያን፣ ጎጆዎቹን። በዙሪያው ክብ አስምሯል። በክቡ ውስጥ የጀግኖቹን ስም ከቀሪ ነፍሳቸው ጋር አስፍሯል፤ ረዳ ነፍስ 9፣ ዘኪያ ነፍስ 7፣ ማሬ ነፍስ 3። ከሥሩ፣ «በክቡ ውስጥ ያለ አይወጣም፤ የወጣ ትንፋሹ ያጥራል፣ በመንገድ ይቀራል» ይላል።

ዘኪያ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየች። «የታለ ማርከሻው?»

«የለውም» አላት።

«ዋጋውስ?»

«የለውም።»

«ወላሂ ዙልም ነው! ግፍ ነው! ሕጉን ያወጣኸው አንተ አይደለህ?»

አየነው አንገቱን ደፍቶ፣ «መምህር፣ ላይችል አይሰጥም ሲባል እሰማለሁ። አንተ ግን ሰጠኸን» አለ።

ውባየሁ ደሙ ፈላ። «እሺ፣ አሁን ያለንበት ማርከሻ አለው? ካለው ንገሩኝና ልጻፈው! ማን ምን ዋጋ ከፍሎ ነው እኛን እዚህ ያጠረን?» ብሎ ጮኸባቸው። ዘኪያ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመረች። ውባየሁ ወዲያው አፈረ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቀም። ኀፍረትና ረኀብ አንድ ላይ ሲመጡ ሰውን ያደርቁታል።

አየነው ግን በእልኸኝነቱ፣ «ወረቀቱን ስጠኝ፤ ቤቴ ወስጄ መውጫ ልፈልግለት» ብሎ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ነገር ሁሉ የተበላሸው በዚች ኪስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ማሬ ለጉዞው የባሏን ሸሚዝ ስታጥፍ ወረቀቱ ወደቀ። እሷ ማንበብ አትችልም። ለጎረቤቷ ለእማሆይ ወለተ ማርያም ሰጠቻቸው። እማሆይ ፊደል የቆጠሩ መነኩሴ ናቸው፤ በዘመናቸው ስንት ደብተራ የሰው ስም እየቆጠረ ኮከብ ሲያወጣ አይተዋል። ክቡን አዩ፣ ስሙን አዩ፣ ከስሙ አጠገብ ቁጥሩን አዩ፣ አማተቡ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ጮክ ብለው ያነበቡት የመጨረሻውን መስመር ነው።

ትራክተሩ መጥቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ማሬ እጅዋን በጎጆዋ ምሰሶ ጠምጥማ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አልነሣም አለች። አየነው ለመናት፣ ተቆጣት፣ እግሯን ያዘ። «ጨዋታ ነው፣ ማሬዋ! ጨዋታ ነው!»

«ጨዋታ የሰው ስም ከነነፍሱ ቁጥር ይጽፋል?» አሉ እማሆይ። «ሦስት ነፍስ ቀርቷታል ብሎ የጻፈ ጨዋታ አይዶለም የያዘው።»

አየነው ሮጦ ውባየሁን ጠራው። ውባየሁ ሲደርስ ሰው ተሰብስቧል። ሁሉንም በእርጋታ ለማስረዳት ሞከረ፤ የክፍል ተማሪ ፊት የቆመ መሰለው። «ይኸውላችሁ፣ ይቺ ጠጠር ናት፤ እንዲህ ትጣላለች፣ ቁጥሩ ሲመጣ…» እያለ ጠጠሯን ከኪሱ አወጣ። ምነው እጁን በቆረጠው! ሃያ ገጽ ያላትን አብረቅራቂ ጠጠር ያየ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ጠጠር ጣይ ነው!» አለ አንዱ። ረዳ በትግርኛው «ዋይ ኣነ፣ አብረን ነው የምንጫወተው እኮ!» አለ፤ ዘኪያ በሁለት ቋንቋ ማለች፤ የሰማቸው የለም። ሹፌሩ ደመናውን አሻቅቦ አየና «ያላ! ያላ!» አለ። ዝናቡ ከቀደመው ትራክተሩም ያው ዋልካ ውስጥ ይቀራል።

ማሬ ቀና ብላ ውባየሁን አየችው። አልተቆጣችም። ትንፋሿ እውነትም ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር፤ ወሯ የገባ ሴት በረኀብ ላይ ሌላ ምን ትተነፍሳለች?

«መምህር፣ ምን አደረግሁህ?» አለችው።

እሷ ቀጠለች፦ «ከዚህ ብወጣ መንገድ ላይ ነው የምቀር። ያሰረ ይፍታኝ እንጂ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?»

ውባየሁ በዚያች ሰዓት የገባው አንድ ነገር ነው። እውነቱ አይፈታትም። እውነቱን ሦስት ሰው ምሎ ነግሯት አልተነሣችም። የሚፈታት ያሰራት ሰው ብቻ ነው፤ እንዲፈታት ደግሞ አስሬያታለሁ ማለት አለበት። በካምፕ ውስጥ መተተኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል። በግራሩ ሥር ጠዋት ጠዋት ሒሳብ የሚያስተምራቸው አርባ ልጆች አሉት፤ ነገ አንዳቸውም አይመጡም። ከዚህ ካምፕ ሌላ የሚሄድበትም የለው። ፈራ። በጣም ፈራ። ከዚያ ወረቀቱን ከእማሆይ፣ እስክሪብቶ ከዘኪያ ተቀብሎ ተንበረከከና በጭኑ ላይ ዘርግቶ የጎደለውን ጻፈ። እንደ ልማዱ ሚዛኑን አሰበ፤ እስር ይህን ያህል ከከበደ ማርከሻው ሊቀል አይችልም።

ተነሥቶ ጮክ ብሎ አነበበው። «ያለ ዋጋ የሚፈታ እስር የለም። ዋጋው፦ አሳሪው በሰው ፊት ስሙን ያጣል። ማርከሻው፦ አሳሪው በታሳሪው ፈንታ ይገባል።» ወደ ማሬ ዞረ። «እኔ ውባየሁ ማሬን ያሰርሁ እኔ ነኝ። ፈትቻታለሁ። በእሷ ቦታ እኔ ገብቻለሁ።»

የማሬን ስም ሰረዘና በቦታው የራሱን ጻፈ። ክቡን በገዳሪፍ መንገድ በኩል ከነጠርዙ ቀደደው።

ማሬ ምሰሶውን ለቀቀች። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና «አንሡኝ» አለች። አየነው አቅፎ ተጎታቹ ላይ አወጣት፤ ከላይ ሆኖ ውባየሁን አየው፣ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ግን ትራክተሩ ተነሣ። እማሆይ ወለተ ማርያም ወደ ውባየሁ ዞረው «ትፍ!» ብለው ሄዱ።

የፈራው ሁሉ ሆነ። ልጆቹ ቀሩ። በውሃው ወረፋ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ከአጠገቡ ይሸሻሉ። የብሎኩ ሽማግሌዎች ምንጣፉን ይዞ ከወንዙ ዳር ካለው ባዶ ጎጆ እንዲገባ ነገሩት። ዘኪያ ሻሂ ትልክለታለች፤ ረዳ ደንበኞቹ እንዳያዩት ተደብቆ ፂሙን ላጨው። በስድስተኛው ቀን አየነው ለረዳ ስልክ ደወለ፤ ማሬ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ውባየሁ ይህን ሲሰማ ብቻውን ሳቀ፣ ቀጥሎ ብቻውን አለቀሰ። ቢሆንም ቢሆንም ደስ አለው። ሚዛኑ ልክ ነበር።

በአሥረኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ እማሆይ ወለተ ማርያም በበሩ ቆሙ። ውባየሁ ከወንዙ ዳርም ሊያስወጡት የመጡ መሰለው። ብድግ አለ።

«ማሬ ወለደች» አሉት።

«ሰምቻለሁ፣ እማሆይ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንግዲያው የፈታሃት በውነት ነው።»

«እማሆይ፣ በመስቀሉ ይዤዎታለሁ፣ ጨዋታ ነበር። እኔ ምንም አላውቅም።»

«ጨዋታማ አያዋልድም፣ ልጄ።» ከነጠላቸው ሥር ጣሳ አወጡ። እስከ አፉ ማሽላ ነው። «እኔንም ፍታኝ። ከዚህ አገር ፍታኝ። አጥንቴ እዚህ ዋልካ ውስጥ እንዳይቀር።»

ውባየሁ ጣሳውን መልሶ ሊሰጣቸው እጁን ዘረጋ፤ እማሆይ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«ያለ ዋጋ የሚፈታ የለም ብለህ በሰው ፊት ያነበብኸው አንተ ነህ። ይኸው ዋጋው። የሁለት ቀን ራሽኔ ነው።»

ከእማሆይ በስተኋላ ከወንዙ አፋፍ ላይ ሌሎች ሴቶች ቆመዋል። እሱን እያዩ ጀሪካናቸውን ይዘው ይሸሹ የነበሩት ናቸው። እያንዳንዳቸው ጣሳ ይዘዋል። ውባየሁ የሒሳብ ሰው ነውና ማርከሻ ፈለገ፤ በአእምሮው ጠጠሯን አርባ ጊዜ ጣላት፣ መቶ ጊዜ ጣላት፤ አንዱም አልወጣለትም። የለም ሊላቸው እማሆይን አያቸው፤ ዓይናቸው ላይ ያለውን ተስፋ አይቶ የለም ማለት አቃተው። የተቀደደውን ወረቀት ከምንጣፉ ሥር አወጣና ከራሱ ስም አጠገብ «ወለተ ማርያም» ብሎ ጻፈላቸው።

እማሆይ ጎንበስ ብለው ስማቸውን አነበቡና ረኩ። ጣሳውን ከእግሩ ሥር አስቀመጡ።

«መቼ ነው ታዲያ የምንወጣ?» አሉት።