ለቶምከ የሚሆን ጠመንጃ

ልጄ ቶምከ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በመንደራችን የተኳሾች ማኅበር አንድ ጠመንጃ ለአራት ልጆች ይዳረሳል። አንዱ ሰደፉን ለትከሻው ያስረዝማል፣ ሌላው ያሳጥራል፤ የእሷ ተራ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ አሥር ጥይቶች በማስተካከል ያልቃሉ። የወረዳው ውድድር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የራሷ ጠመንጃ ካላገኘች ከቡድኑ እንደምትቀር የማኅበሩ የመሣሪያ ኃላፊ አጎት ሂነርክ ቁርጡን ነገሩን።

ዕድሜዋ ስላልደረሰ ጠመንጃው የሚመዘገበው በእኔ ስም ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ተኩሻለሁ። በሄድኩ ቁጥር ለባሌ የምድጃው ላይ ምግብ ምን እንደሆነ ጽፌለት ነበር የምወጣው፤ ሳልመለስ ብቀርስ፣ አይታወቅማ።

አዲሶቹን ሱቅ ሄደን አየናቸው። ዋጋቸው እጃችን ላይ ካለው ገንዘብ እጥፍ ነው።

«አሮጌ ግዙ» አሉ አጎት ሂነርክ። «ትንሿን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ በቶሎ አያረጅም። የአሮጊቷ የቴዳ ባል ትቶት የሞተው አለ፤ ስድስት መቶ ዩሮ ትላለች። ነገ ከኖርደን ከተማ ሌላ ገዢ ስለሚመጣ ዛሬውኑ ሂዱ።»

«ለምን ረከሰ?» አልኩ።

«ጀመረች» አለች ቶምከ።

«ርካሽ ነገር የሚደብቀው አያጣም። ሰውየውስ በምን ሞቱ?»

«በሰማንያ ስምንት ዓመቱ፣ አልጋው ላይ» አሉ። «ጠመንጃው እጁ የለበትም። ደግሞ ከባድ ነው፤ ለኢላማ ደግ ነው። ቀላሉ ከልብ ምትሽ ጋር ይጨፍራል። የአንቺን ልብ እንደሆነ መድፍም አይችለው።»

አክስት ቴዳ ሻይ አፍልተው ጠበቁን። እኛ ዘንድ ሦስት ሲኒ ሳይጠጣ ጉዳይ አይነሣም። ገና በመጀመሪያው ሲኒ የመጣበትን የሚናገር ሰው ወይ ከሩቅ የመጣ ነው ወይ እናቱ አላሳደገችውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሲኒ ስለ ነፋሱ አወራን። በሁለተኛው ስለ ግድቡ በጎች።

ጠመንጃው ግን ወንበር ላይ ተጋድሟል፤ አፈሙዙ የቶምከን ጉልበት ያያል። እሳቸው ስለ በግ ሲያወሩ እኔ ልጄን በአንድ እግሯ ቀርታ እያየኋት ነበር። አልቻልኩም። ሲኒዬን አስቀምጬ ተነሣሁ፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ መቀርቀሪያውን ስቤ ውስጡን አየሁ፤ ጣቴንም ሰድጄ ዳሰስኩ። ባዶ ነው።

ቶምከ ፊቷ ቀላ።

«እማዬ፣ ገና ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነን እኮ» አለች በሹክሹክታ።

ጠመንጃው ከእጃችን እንደ ወጣ ገባኝ። ልጄን ከቡድኑ ያስቀራት ሌላ ማንም አይደለም፣ የእኔው ፍርሃት ነው።

«ይቅርታ አክስት ቴዳ» አልኩ። «አፈሙዙ ጉልበቷን ሲያይ ጊዜ…»

አሮጊቷ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «ትናንት አንድ ሰው መጥቶ ነበር» አሉ። «ምን የመሰለ ጨዋ። ሦስቱንም ሲኒ ጠጣ፣ አመሰገነ። ከዚያ ጠመንጃውን አንሥቶ፣ ባዶ መሆኑን ሳያይ አፈሙዙን በድመቴ ላይ አዙሮ በእኔ ላይ መለሰው። ተሽጧል አልኩት።»

«ሳይሸጥ?» አለች ቶምከ።

«ይኸው አሁን ተሸጠ። ለአንቺ አይደለም፤ ለእናትሽ። ባሌም እንዲሁ ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ ባዶውን ጠመንጃ ባዶ መሆኑን ሲያይ ኖረ። ስሰድበው ኖርኩ። በይ፣ ተነሽና ትከሻሽ ላይ ሞክሪው።»

ቶምከ ደገነችው። ሰደፉን ሁለት ጣት አሳጠርንላት፤ ጉንጯ ልክ ቦታው ላይ ዐረፈ። ከዚያ እኔ መቀርቀሪያውን አውጥቼ በአፈሙዙ ቀዳዳ ወደ ብርሃን አየሁ፤ ውስጡ እንደ መስታወት ነው። ዝገት ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ቢያንስ ጭንቀቴ ስም ያገኝ ነበር። አክስት ቴዳ ሦስተኛውን ሲኒ ቀዱልን።

ስንወጣ እኔ መኪናው ውስጥ ገባሁ፤ ቶምከ ግቢው ውስጥ ቆማ ለአጎት ሂነርክ በድምፅ ማጉያ ደወለች።

«ስሜን ቡድኑ ውስጥ ጻፉልኝ፣ ገዝተናል።»

«ተመስገን። እናትሽስ ከዚያ ቤት በሕይወት ወጣች?»

ቶምከ ዘወር ብላ በመኪናው መስኮት አየችኝ።

«ከኋላ ወንበር ላይ ናት» አለች። «ጠመንጃውን ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት፣ አሁን የወንበር ቀበቶ እያሰረችለት ነው።»