በብረት የቀናው ወርቅ ሠሪ

ሌላው ሰው ሲቀና ስልክ ይበረብራል፣ ኪስ ይፈትሻል። እንድሪስ ግን ወርቅ ሠሪ ነውና ሚስቱን የጠረጠራት ቀለበቷ ላይ ጭረት በማጣቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በገዛ እጁ ሠርቶ ያጠለቀላትን የጋብቻ ቀለበት ለኢድ ብሎ ወልውሎ መልሶላት ነበር። ከኢድ ሁለት ወር በኋላ አንድ ማለዳ ሳሊሀ ውዱእ ስታደርግ አውልቃው፣ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ረስታው ገባች። እንድሪስ አነሳውና ልማድ ሆኖበት ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አገላበጠው። ድስት የምታነሳ፣ ልብስ የምታጥብ፣ አውቶቡስ ላይ ብረት ይዛ የምትቆም ሴት ቀለበት በሁለት ወር ውስጥ ፊቱ በጭረት ይሸፈናል። ይሄኛው ግን ትናንት ከሱቁ የወጣ ይመስላል። ጣቷ ላይ አይውልም ማለት ነው። ታወልቀዋለች ማለት ነው። ለማን ብላ?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እንድሪስም መመንጠር አልፈለገም። ቀለበቱን መልሶ ቦታው ላይ አስቀመጠ፣ ምንም ሳይናገር ሥራው ሄደ፣ አንጀቱ ግን ከዚያች ማለዳ ጀምሮ ማረር ጀመረ። ፊቱ ላይ አይታወቅበትም። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንደሚባለው እሱም ሲያርር ቀልዱ ይበዛል። ፒያሳ የሱቅ ጎረቤቱ የሆነው ሰዓት ሠሪው እሸቴ በዚያ ሳምንት እንድሪስ እንዲህ ተጫዋች የሆነው ምን አግኝቶ ነው እያለ ይገረም ነበር።

ማንን እንደሚጠረጥር ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ሳሊሀ ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ስድስተኛ ፎቅ ትሠራለች። ባለፈው ዓመት የሕንጻው ሊፍት ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ቆመ። በመጀመሪያው ቀን አራተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አጠረና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አብራት የምትሠራው ናዝራዊት የራሷንም የእሷንም ቦርሳ ተሸክማ እየተንደረደረች አለፈቻት። ይሄን ጉልበት ከየት አመጣሽው ብትላት፣ ነገ ጠዋት ነይና አሳይሻለሁ አለቻት። ያሳየቻት ክሮስፊት የሚባለውን ነው።

ክሮስፊት ለማያውቀው፣ ሰው ከፍሎ የሚሰቃይበት ቤት ነው። ብረት ማንሳቱን፣ ሩጫውን፣ ሳጥን ላይ መዝለሉን፣ ዘንግ ላይ መንጠልጠሉን አንድ ላይ ቀላቅለው፣ ሰዓት ይዘው፣ ላብ ከአናት እስከ ጥፍር እስኪወርድ ያሠሩሃል። የዕለቱ ሥራ ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ይጻፋል፣ ማን በስንት ደቂቃ እንደጨረሰም ከስሩ ይጻፋል። ሳሊሀ በመጀመሪያው ቀን ልታስመልስ ደርሳ ነበር። ለሦስት ቀን ወንበር ላይ ስትቀመጥም ስትነሳም አላህን ትጠራለች። በአራተኛው ቀን ተመልሳ ሄደች። እንድሪስ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብሎ ሳቀባት፣ በሁለት ሳምንት ይወጣላታል ብሎም ተወራረደ። ስምንት ወር ሆናት።

ሱብሂ ሰግዳ፣ ለልጃቸው ለኑሰይባ ቁርሷን አሰናድታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። ማታ እራት ላይ ወሬው ያው የአሠልጣኟ ነው፦ ኮች ኢዩኤል እንዲህ አለ፣ ኮች ኢዩኤል እንዲያ አሠራን። መዳፏ ላይ የወጣውን ደረቅ ቆዳ እንደ ሽልማት እየዘረጋች ታሳየዋለች። ሸክም ካማረሽ አትክልት ተራ የሽንኩርት ጆንያ ሞልቶ የለም እንዴ፣ እነሱ እንዲያውም ይከፍሉሻል ሲላት ትስቃለች። ሳቋ ግን የእሱ ቀልድ ያመጣው አልነበረም፣ ጠዋት ከዚያ ይዛው የመጣችው ነው። እንድሪስን ያቃጠለው ይሄ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ተከተላት። ከወዲያኛው የእግረኛ መንገድ ሆኖ ቸርችልን እየወረደ፣ አርባ አምስት ዓመት የሞላው የተከበረ ሰው፣ ከመብራት ምሰሶ ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ ምሰሶ እየተደበቀ ሄደ። ሳሊሀ የድሮ መጋዘን ወደነበረ ሕንጻ ገባች። ትንሽ ጠብቆ ደረጃውን ወጣና በመስታወቱ በር ወደ ውስጥ አየ።

መጀመሪያ ያየው ቀለበቱን ነው። በሩ ሥር ያለ ጠረጴዛ ላይ ሳህን ተቀምጧል፣ ሳህኑ ውስጥ የሰው ሁሉ ሰዓትና ቀለበት ተዘርግፏል። የእሱ ሥራ፣ ሦስት ሌሊት የደከመበት ቀለበት፣ የማንም ባል ከገዛው ቀለበት ጋር ተደባልቆ ተኝቷል። አንዱ እንዲያውም ወርቅ አልነበረም፣ ከሩቅ ለየው።

ከዚያ ፊቷን አየ። ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ አስራለች፣ እጀ ረጅም ሰፊ ልብስ ለብሳለች፣ ከፊቷ ብረት አለ። ጎንበስ ብላ ያዘችው፣ ወደ ትከሻዋ አመጣችው፣ ከዚያ ወደ ላይ። ጉንጯ ተነፍቶ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ብረቱ ከአናቷ በላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም በዓለም ላይ ከእሷና ከብረቱ በቀር ፍጡር ያለ አይመስልም ነበር። ለቀቀችውና ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ሳቀች። እንድሪስ ይህን ፊት አያውቀውም። በሠርጋቸው ቀን አላየውም፣ ኑሰይባ የተወለደች ቀንም አላየውም። አሥራ አራት ዓመት አንድ ቤት ኖሮ፣ ሚስቱ እንዲህ ያለ ፊት እንዳላት ማንም አልነገረውም።

ኢዩኤል የተባለው ጎረምሳ ደግሞ በአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ሲያሽ ነበር፣ ወደ ሳሊሀም አላየ። እንድሪስ ሌላ ወንድ ሚስቱን እንዲያይ የተመኘው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ተቀናቃኙ ወንድ ቢሆን ይጣላው ነበር፣ ሽማግሌ ይልክበት ነበር። ከብረት ጋር እንዴት ተደርጎ ይጣላሉ?

ኢዩኤል ቀና ሲል በመስታወቱ አየው። በሩን ከፍቶ፣ «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ቆሞ ማየት ይበልጥ ያደክማል» አለው። ማንን እንደሚፈልግ ሲሰማ ደግሞ ወደ ውስጥ ዞሮ ሳሊ ብሎ ጠራት። ሳሊ እንድሪስ ያወጣላት የቤት ስም ነው። ለእሷ ሳሊ፣ ለእሱ ጋሼ።

የቀለበቱ ጉዳይ ወዲያው ተፈታ። ዘንግ ላይ የተንጠለጠለን ሰው ቀለበቱ የጣቱን ሥጋ ገፎ ይወስድበታል፣ ስለዚህ ሁሉም ያወልቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጣቷ አብጦ አልገባ ስለሚላት ቦርሳዋ ውስጥ ታውለዋለች፣ ማታ ከሥራ ስትመለስ ታጠልቀዋለች። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ቅናት ግን ምክንያቱን ሲቀሙት ሌላ ይፈልጋል እንጂ አይሄድም። እንድሪስ ሰው ሁሉ እየሰማው እኔም ከነገ ጀምሮ እመጣለሁ አለ። ሳሊሀ ቀለበቷን ከሳህኑ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጥሩ ነው አለችው። ያን ጊዜ ፊቷን ልብ ብሎ ቢያየው ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርለት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከሁሉም ኋላ ቀረ። ሰው ሁሉ ጨርሶ እሱ ገና ወለል ላይ እየወደቀ እየተነሳ ሳለ፣ አሥራ ሁለት ሰው ከብቦት ያጨበጭብና ይቆጥርለት ጀመር። እንድሪስ ተወልዶ ያደገው እሪ በከንቱ ነው። እዚያ ሰፈር መጨረሻ ለወጣ የሚጨበጨበው ሊቀለድበት ሲፈለግ ብቻ ነው። በደም ፍላት ተነስቶ ትያትር አለ እንዴ ብሎ ጠየቀ። ኢዩኤል በትሕትና፣ እዚህ ቤት የመጨረሻው ሰው ሳይጨርስ ማንም ዕቃውን አያነሳም ብሎ አስረዳው። እንድሪስ አላመነውም። ሐሙስ ዕለት ለአንድ ወፍራም የባንክ ሥራ አስኪያጅ እንደዚያው ሲያጨበጭቡ፣ ሰውየውም በደስታ ሲያለቅስ አይቶ ነው ያመነው።

ሁለት ቀን ክንዱ ዝሎ ሱቁ ውስጥ መቆንጠጫ መያዝ አቃተው። እሸቴም፣ ቤት ውስጥ ዱላ ተጀመረ ወይ እያለ ተረበው። በሦስተኛው ሳምንት ግን የማይጠበቅ ነገር ሆነ። ለሃያ አምስት ዓመት ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ሰው ነው፣ ጀርባው ከወጣትነቱ ጀምሮ ተቃንቶ አያውቅም። ያን ቀን ከመሬት ያነሳው ብረት ከወገቡ በላይ አልወጣ እያለ ሁለት ጊዜ ጥሎታል። በሦስተኛው ሳያስበው ትከሻው ላይ ተቀምጦ አገኘው። ደረቱ ተከፍቶ፣ እግሩ ወለሉን ረግጦ ቆመ። ያ አላህ፣ ለካ ይሄ ነው አለ በልቡ። እንደ ልጅ ደስ አለው፣ አላፈረበትም።

ከዚያ ወዲያ ከሳሊሀ በፊት የሚነሳው እሱ ሆነ። የእሱን የብረት ወሬ ላለመስማት እሸቴ በሌላ በር መግባት ጀመረ። የጠዋቱ ክፍል ሁሉ በእንድሪስ ጨዋታ በሳቅ ይፈርሳል፣ ጋሽ እንድሪስ ያልመጣ ቀን ጨው እንደሌለው ወጥ ነው ይላሉ። ኢዩኤልን ራሱን ወደደው። ሊቀናበት መጥቶ ምሳ ጋበዘው።

ሳሊሀ በዚህ ሁሉ ውስጥ አጠገቡ ነበረች። ውሃ ታቀብለዋለች፣ የተፈታ የጫማ ክሩን ታሳየዋለች፣ ቀልዱ ሲበዛ ሰውን በዓይኗ ይቅርታ ትጠይቃለች። እሱ ሲያቅተው ሁሉም ወደ እሷ ያያል። ቀስ በቀስ ቦታዋን ወደ ጥጉ አዛወረች፣ ብረቱንም እየቀነሰች መጣች። አንድ ሰኞ ደክሞኛል ብላ ቀረች። ረቡዕም ቀረች። ከዚያ ጭራሽ ተወችው።

እውነቱን ለመናገር እንድሪስ ደስ አለው። ሚስቱ ወደ ቤቷ ተመልሳለች፣ ብረቱ ደግሞ ለእሱ ቀርቷል። ሦስት ሳምንት በዚህ ደስታ ከረመ። እራት ላይ ግን የሚያወራው እሱ ብቻ እንደሆነ ማስተዋል ጀመረ። እሷ ሳህኑን ታነሳለች፣ ኑሰይባን ታስጠናለች፣ ሲጠይቋት ትመልሳለች። አንድም ነገር አላጎደለችም። ሳቅ ብቻ የለም። ያ ተከትሎ ሄዶ ያየው ፊት፣ የቀናበት፣ የኔ ካልሆነ ብሎ የተንገበገበለት ፊት እሱ ከገባ ወዲህ አንዴም እንዳልታየ ትዝ ሲለው ደነገጠ።

እሁድ ከሰዓት ኑሰይባ ጎረቤት ሄዳ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ጠየቃት።

«ሳሊ፣ ለምን ተውሽው?»

«አንተ አለህ አይደል» አለችው።

«የኔ መኖር ምን አደረገሽ?»

መልሱን ለብዙ ቀን ስታብላላው የቆየች ይመስል ሳትቸኩል ተናገረች። «ቀንተህ እንደመጣህ አውቃለሁ። አልተቆጣሁህም፣ ባሌ ነህ። ግን እዚያ ቤት ስገባ የማንም ሚስት አልነበርኩም፣ የማንም እናት አልነበርኩም። በቀን አንዲት ሰዓት። አንተ ስትገባ እኔ ወጣሁ።»

እንድሪስ ክፉ ነገር አስቤ አይደለም ሊል አሰበ፣ ውሸት ነው። ቢጨንቀው እውነቱን ተናገረ።

«እኔም ወድጄዋለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ፤ አይቼሃለሁ» አለችው። «ለዚያ ነው ተው ያላልኩህ።»

የማታ ክፍል አለ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። ፒያሳ ወርቅ የሚገዛ ሰው ከሥራ ወጥቶ የሚመጣው ግን በዚያው ሰዓት ነው፤ የማታውን ገበያ የዘጋ ወርቅ ሠሪ ሱቁን ዘጋ ማለት ነው። እንድሪስ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ሰኞ ጠዋት ለብቻው ሄደ። ወገቤን አሞኛልና ከእንግዲህ አልመጣም ብሎ ለኢዩኤል ነገረው። ኢዩኤል አዝኖ ቀላል እንቅስቃሴ ሊሰጠው ሞከረ፣ ሌሎቹም መጥተው ጋሼ እንጠብቅዎታለን አሉት። ከመውጣቱ በፊት ሰሌዳውን አነበበው። የዕለቱ ሥራ የሚወደው ነበር።

ለሳሊሀም ያንኑ ነገራት፣ ወገቤን አሞኛል አላት። ወገቡ ደህና እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አላመሰገነችውም፣ እሱም ምስጋና አልጠበቀም። ረቡዕ ሱብሂ ከሰገዱ በኋላ ቦርሳዋን አነሳች። እንድሪስ አልጋው ላይ ተመልሶ ጋደም ብሎ ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ ሰማት። ቅናቱ እንደ ወትሮው መጣ፣ አሁን ግን እጥፍ ሆኖ ነው የመጣው። በፊት ብረቱ እሷን ወሰደብኝ ብሎ ይቀና ነበር፤ ዛሬ እሷ ብረቱን ስለምታገኘው ቀናባት። እጁ በላው፣ ትከሻው በላው። ሁለት ጊዜ ተነስቶ ጫማውን አየውና ተመልሶ ተኛ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሰች። ፊቷ ቀልቷል፣ ሻሿ በላብ ረጥቧል። እንድሪስ ሻይ ቀድቶላት ሰሌዳው ላይ ምን ነበር ብሎ ጠየቃት። መጀመሪያ ባጭሩ መለሰችለት፣ ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጣ ቆመችና በእጇ ታሳየው ጀመር። እንዴት እንደያዘችው፣ የት ላይ ልትጥለው እንደነበር፣ እንዴት እንዳተረፈችው። ኮች ኢዩኤል ምን እንዳለም ነገረችው። ሥራ እንደሚረፍድባት ረስታዋለች። እንድሪስ እየቀና፣ ሻዩም እየቀዘቀዘበት፣ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።