የዘመድ ቅናሽ

ፀጋው ትሁኔን መጀመሪያ የተመለከታት ለስለላ ነበር። ይህን ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልጋል፤ አንድ የተከበረ ነጋዴ ያለ ምክንያት የሴት ሱቅ ሲያይ አይውልም።

በእስራኤል አገር፣ ኪርያት ኖርዳው በሚባል የኔታንያ ከተማ ሰፈር፣ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ማዶ፣ ጤፍና በርበሬ፣ ኮረሪማና ጌሾ የሚሸጥ ለዓመታት እሱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከመንገዱ ወዲያ፣ ልብስ ሰፊው በለቀቀው ቤት ውስጥ መደርደሪያ ሲመታ ሰማ። ብዙም ሳይቆይ ትሁኔ የምትባል፣ አትክልት ማሸጊያ ቤት ስትሠራ የኖረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ያንኑ ጤፍ ያንኑ በርበሬ ደረደረችና በሯ ላይ ቆማ "እንደምን አደርህ?" አለችው።

ፀጋውም "እግዚአብሔር ይመስገን" አለና ወደ ውስጥ ገብቶ የሽሮውን ዋጋ ቀነሰ።

እሷ ምስሩን ቀነሰች። እሱ ጎሕ ሲቀድ ከኔታንያ ገበያ ሽንኩርት እየጫነ መምጣት ጀመረ። እሷ ለአሮጊቶቹ ዕቃውን ራሷ ተሸክማ ፎቅ ድረስ ትወጣላቸው ጀመር። ሰፈሩም ዛሬ ይሰዳደባሉ ነገ ይሰዳደባሉ እያለ ሲጠብቅ፣ እነሱ ሰላምታ እየተለዋወጡ ዋጋ ብቻ ሲቀንሱ ከረሙ። ከዚህ ጠብ የተጠቀመው የሰፈሩ ድስት ነው።

ስለላው ግን ፀጋውን ጎዳው። በመስታወቱ አሻግሮ ሲመለከት በመጀመሪያ ያየው የዋጋ ወረቀቷን ነበር። ቀጥሎ ሚዛኗን አየ። ቀጥሎም ሚዛኑ ልክ ከመጣ በኋላ ጨምራ የምታፈሰውን እፍኝ አየ፤ ከእፍኙ እጇን፣ ከእጇ ፊቷን። ከዚያ ወዲያ የትሁኔ ሽሮ ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁት አያውቅም። ሚስቱን ከቀበረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ልቡ እንዲህ ያለውን ነገር የረሳ መስሎት ነበር። ስልሳ ዓመት አልፎት ጠዋት ጠዋት ለተፎካካሪው ብሎ ጢሙን የሚላጭ ሰው ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ለምን ሽማግሌ አይልክም? ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ሽማግሌ ከተላከ ዘር ይቆጠራል። በቤተ እስራኤል ወግ በአባትም በእናትም ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ፣ በመካከል አንድ ቦታ የተገናኙ ሁለት ሰዎች እህትና ወንድም ናቸው፤ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ፀጋው የደምቢያ ሰው ነው፤ የእናቱ እናት ግን ከወገራ ተድራ የመጣች ናት። ትሁኔ ደግሞ ጥርት ያለች የወገራ ልጅ። እናም ፈራ። እህል ማለቁን ላለማወቅ ጎተራውን የማይከፍት ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ እሱ ፀጋው ነው። ካልተቆጠረ ተስፋ አለ፤ ደንበኛው ሁሉ "እህቴ፣ እህቴ" እያለ ሱቋ ሲገባ፣ እሱ ግን ያችን ቃል በስሕተት እንኳ ከአፉ አላወጣትም።

በዚህ መካከል በትልቁ መንገድ ዳር ያለው ሱፐርማርኬት አንድ መደርደሪያ ሙሉ የሐበሻ ዕቃ አመጣ። ሽሮው በሚያምር ከረጢት፣ በርበሬው በማሰሮ። የሁለቱም ሱቅ ገበያ ቀዘቀዘ። የፀጋው ልጅ ኦርታል የንግድ አስተዳደር ተምራለችና አባቷን አስቀምጣ አስተማረችው።

"አባዬ፣ ታክሺቭ፣ አድምጠኝ። ታሓሩት ሲመጣ፣ ፉክክር ሲመጣ፣ ሦስት መንገድ ነው ያለው። ወይ ዋጋ ታረክሳለህ፣ ሱፐሩን ግን አትችለውም። ወይ ሌላው የሌለውን ታመጣለህ። ወይ ደግሞ ሚዙግ፤ ከተፎካካሪህ ጋር ትቀላቀላለህ፣ አንድ ቤት ትሆናላችሁ።"

"አንድ ቤት?" አለ ፀጋው፣ የጠጣው ውኃ ትን እያለው።

"ሁለት ሱቅ፣ አንድ ቢዝነስ። ምን ሆንህ?"

"ምንም አልሆንሁ። ይቺ ትምህርት ጥሩ ትምህርት ናት።"

እሱ ሚዙጉን ሲያመነዥክ፣ ሌላው የሌለውን ያመጣችው ትሁኔ ሆነች። አንድ እሑድ ጠዋት በሯ ላይ በአማርኛና በዕብራይስጥ የተጻፈ ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ "ለዘመድ ቅናሽ አለ" ይላል። ከሥሩ ወንበር ተደረገ፣ በወንበሩም ላይ አባ ይርሳው ተቀመጡ። አባ ይርሳው የወገራን፣ የደምቢያንና የጭልጋን ትውልድ በሙሉ በራሳቸው ይዘው በአውሮፕላን የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላ ሻንጣም አልነበራቸው። ቅናሽ የፈለገ ሁሉ ፊታቸው ቆሞ አባት አያቱን ይጠራል። ሰባት ቤት ውስጥ ከትሁኔ ጋር ካገናኙት "ዘመድ ነው፣ ቀንሺለት!" ብለው ይጮኻሉ።

በመጀመሪያው ቀን የእህት የወንድም ልጆቿ መጡ። ሳምንቱ ሲጋመስ ኪርያት ኖርዳው በሙሉ የትሁኔ ዘመድ ሆነ። ከሌላው ሰፈር ከዶራ እንኳ በአውቶቡስ ይመጡ ጀመር። አያቶቻቸውን በስም የማያውቁ ወጣቶች በሱቁ ደጃፍ ስልክ ይዘው "ሳቭታ፣ አያቴ፣ የአያትሽ አባት ማን ነበር? መሄር፣ ቶሎ በይ፣ ወረፋ ላይ ነኝ!" ይላሉ። ሃዳር የምትባለው ነርስ አምስተኛ ቤት ላይ ተገኝታ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ትሁኔን "አክስቴ" እያለች የደም ግፊቷን በነፃ ትለካላታለች። አንድ የሩሲያ ጡረተኛ እንኳ ወረፋ ቆሞ ነበር። አባ ይርሳው ብዙ አስበው "አንተ በአብርሃም በኩል ትደርሰናለህ፣ ግን ሰባት ቤት አልገባህም" አሉትና በሙሉ ዋጋ ሻይ ገዝቶ ሄደ። አህያ ካመዱ፣ ዘመድ ከዘመዱ ነውና ሱፐሩ ሊወዳደራት አልቻለም። ሱፐሩ ማቀዝቀዣ አለው፣ ማቆሚያ ቦታ አለው፤ ዘመድ ግን የለውም።

በአራተኛው ቀን ፀጋው በመስታወቱ ያየው ነገር አጥንቱ ድረስ ገባ። ሮይ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌርና ሚሬት የምትባል ጓደኛው እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ለመጋባት የሰርግ ቀን የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። ለሳቅ ያህል ሁለቱም ተቆጠሩ። ከትሁኔ ጋር ተገናኙ፤ ግን እርስ በርሳቸውም በአራተኛ ቤት ተገናኙ። አባ ይርሳው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯቸው። በአንድ ቅርጫት የገቡት ልጆች በሁለት ፌስታል ወጡ፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች። ፀጋው ለማንም ምስር ሳይመዝን ሚዛኑ ላይ ምስር እያፈሰሰ ቆሞ ቀረ። አዘነላቸው፣ ከልቡ አዘነ፤ ለራሱ ደግሞ የበለጠ አዘነ።

የእሱ ሱቅ ባዶ ሆነ። የቀሩት ደንበኞች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛዋ አሮጊት ከአባ ይርሳው ጋር ስለተኳረፉ፣ ሌላኛው ስለሚያንቀላፋ መንገድ መሻገር አልቻሉም። አባ ይርሳውም አላስቀመጡት። ከወንበራቸው ላይ ሆነው ይጣራሉ፦

"ፀጋው! ና እንጂ ተቆጠር! የእናትህ እናት የወገራ ሰው አይደለችምን?"

"ደንበኛ አለብኝ፣ አባ ይርሳው!" ይላል ፀጋው።

"የትኛው ደንበኛ?"

"አሁን ይመጣል!"

ሐሙስ ኦርታል መጥታ ባዶውን ሱቅ ዞራ አየች። የቤቱ ኪራይ ውል በሚቀጥለው ሳምንት ይታደሳል፤ ወይ ይፈርማል፣ ወይ ሱቁን ያስረክባል። "አባዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተቆጠረ፣ አንተ ብቻ ቀረህ" አለችው። "ዘመዷ ሆነህ ከተገኘህ ሚዙጉ ቀላል ነው። ለዘመድ እምቢ አትልም። ሂድና ተቆጠር፤ ካልሄድህ ቁልፉን ማስረከብ ነው።"

ልጁ ለበጎ ብላ ነው። እሱ ግን ሌሊቱን ሁለቱን ሲመዝን አደረ። ካልተቆጠረ ሱቁ ይሄዳል፤ ከተቆጠረ ትሁኔ ትሄዳለች። ቢያንስ፣ አለ፣ ከመቆጠሬ በፊት ልጠይቃት። የፈሩት ይደርሳል፤ ሄጄ ልቀበለው።

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ፀጋው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መንገዱን ተሻገረ። ጌሾ ልገዛ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ሁለት ኬሻ ጌሾ በሱቁ ተቀምጦ። ኦርታል ከኋላ በበራቸው ላይ ቆማ ትመለከተዋለች።

ሱቁ ጢም ብሏል። ሲገባ ጫጫታው ቆመ።

"መጣህ!" አሉ አባ ይርሳው ደስ ብሏቸው። "በል የማን ልጅ ነህ? ከእናትህ ጀምር።"

"አልቆጠርም" አለ ፀጋው። "ጌሾ ነው የምፈልገው። ሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ።"

 ከዚያ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። ዘሬን አልጠራም ማለት ከሰው በላይ ነኝ ማለት ነው፤ ወይ ደግሞ የሚደብቀው አለው ማለት ነው። "ናቀን እንዴ?" አለች አንዷ። "ከትሁኔ መወለድ ያሳፍራል?" አለች ሌላይቱ። ትሁኔ ራሷ ግን ጌሾውን ሚዛን ላይ እያፈሰሰች ቀና አላለችም።

 የኦርታል ሦስት መንገዶች፣ ኪራዩ፣ ሚዙጉ፣ ሁሉም ከፀጋው ራስ ጠፋ። አጥንቶት የመጣው ንግግርም ጠፋ።

"ንቄ አይደለም" አለ። "ብቆጠርና ዘመድ ሆኜ ብገኝ፣ ማንን ላገባ ነው?"

 አንዷ ሴት በእጇ አፏን ያዘች። የትሁኔ ዘመዶች ሁሉ፣ ማለትም ሰፈሩ በሙሉ፣ ወደ ትሁኔ ዞሩ።

ትሁኔ ጌሾውን ልክ አመጣች። ከዚያ አንድ እፍኝ ልትጨምር ካነሣች በኋላ መልሳ ወደ ኬሻው ጣለችው።

"አባ ይርሳው፣ ይንገሩት" አለች።

"አንቺ ንገሪው፤ እኔን አስምለሽ ዝም ያስባልሽኝ አንቺ ነሽ።"

"ያ ማስታወቂያ ከመሰቀሉ በፊት" አለች ትሁኔ፣ አሁንም ሚዛኑን እያየች፣ "አባ ይርሳውን ቤቴ ጠርቼ አንድ ሰው አስቆጥሬያለሁ። የአንተን ዘር። በአባትህም በእናትህም። ሰባት ቤት አልፎም አልተገናኘንም።"

ፀጋው ባንኮኒውን ያዘ። "ታዲያ፣ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እኔ ሴት ልጅ ተሻግሬ ልንገርህ?" አለች፤ አሁን ቀና ብላ አየችው። "በመስታወት ስታፈጥ ዓመት ሞላህ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል አልሁ። አልመጣህም። ደንበኛህን ሁሉ ወስጄ ሱቅህን ባዶ ካላደረግሁት ከዚያ ወንበር የምትነሣ አልመሰለኝም።"

አባ ይርሳው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከእሳቸው ጋር ሱቁ በሙሉ ሳቀ፣ እልልም ተባለ። "ናቀን" ያለችው ሴትዮ ከሁሉ በላይ ጮኻ እልል አለች። ፀጋው ግን አልሳቀም፤ ዐይኑ እንባ አቅርሮ እሷን ብቻ እያየ ነበር።

ትሁኔ ጌሾውን በፌስታል አስራ ሰጠችውና እጇን ዘረጋች። "ሙሉ ዋጋ" አለች።

ፀጋው ከፈለ፤ መልሱንም ሳይቀበል ወጣ። መንገዱን ሳይጨርስ ኦርታል ከማዶ ተጣራች፦

"አባዬ! ምን አሉ? ሃናኻ አገኘህ? ቅናሹን ሰጡህ?"

ፀጋው በመንገዱ መካከል ቆመ። አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋበት።

"የለም!" ብሎ ጮኸ፣ ጌሾውን ወደ ላይ አንሥቶ። "ባሩክ ሃሼም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንዲት ሳንቲም አልቀነሱልኝም!"