ማርሊስ ያልወሰደችው ምስክር ወረቀት

ማርሊስ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች። በዊስኮንሲን ሰሜን፣ የወረቀት ፋብሪካ ጭስ በማይለያት ትንሽ ከተማ፣ እሑድ እሑድ በቅድስት ዚታ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆችን ለመጀመሪያ ቁርባናቸው ስታዘጋጅ አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። ደመወዝ የለውም፤ ወዳ ነው።

ሀገረ ስብከቱ «ከእንግዲህ ያልሠለጠነና ምስክር ወረቀት የሌለው ሃይማኖት አያስተምርም» ሲል ብዙዎቹ አኮረፉ። «በነጻ ለማገልገል ደግሞ ፈተና!» ብለው የተዉም ነበሩ። ማርሊስ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በበረዶ እየነዳች ሥልጠናውን ተከታተለች። ከራት በኋላ ባሏ ኤልደን መጽሐፉን ይዞ ይጠይቃታል። እሱ ሉተራን ነው፣ ያውም ለስሙ።

«ምሥጢራት ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«ለእኛ ሁለት ብቻ ነው የሰጡን። አምስቱን ማን በላብን?» ይላል፤ እሷም በፎጣ ትመታዋለች።

ፈተናውን ዘጠና አራት አምጥታ አለፈች። የቀረው የቄሱ ፊርማ ብቻ ነበር።

አባ ገርሃርት ወደዚያ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ቄስ ናቸው። ቅጹን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው እየጠየቁ ይሞሉ ጀመር። ጥምቀቷን ጻፉ፣ ሜሮኗን ጻፉ፣ ከዚያ «ጋብቻዎ በቤተ ክርስቲያን ነው አይደል?» አሉና ብዕራቸውን «አዎ» የሚለው ላይ አስጠጉ። ዝም ብትላቸው ያልፍ ነበር።

«አይደለም፣ አባ።»

ብዕሩ ቆመ።

ሁሉን ነገረቻቸው። በሃያ ዓመቷ ዌንደል የሚባል የግንድ ጭነት መኪና ሹፌር እዚሁ ቤተ ክርስቲያን አግብታ ነበር። ኖሪን የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ኖሪን በሦስት ዓመቷ በማጅራት ገትር ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ ዌንደል ልብሱን ሰብስቦ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ኤልደንን ያገባችው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ፍርድ ቤት ቀርባ ነው። የቀድሞው ቄስ ይህን እያወቁ፣ አይተው እንዳላዩ ሆነው አስተማሪ አደረጓት። እሷም ኤልደንን ካገባች ወዲህ ቆርባ አታውቅም። ልጆቹን መንበሩ ድረስ አድርሳ ትመለሳለች።

«እኔ እኮ ትሕትና መስሎኝ ነበር» አሉ አባ ገርሃርት።

«ትሕትናስ ከየት መጥቶልኝ!»

ቄሱ ትዳሩ በቤተ ክርስቲያን ያልሆነ ሰው ምስክር ወረቀቱን እንደማያገኝ፣ መንገድ ግን እንዳለ አስረዷት። የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት የፊተኛውን ጋብቻ ይመረምራል፤ ከጥንቱ ያልጸና ሆኖ ከተገኘ ከኤልደን ጋር በቤተ ክርስቲያን መጋባት ትችላለች። «ዓመት፣ ግፋ ቢል ዓመት ተኩል ነው። ወረቀቱን እኔ ራሴ አዘጋጅልዎታለሁ።»

«ምን ብዬ ልመስክር? ጋብቻ አልነበረም ብዬ?»

«ልጅዎን አይነካም እኮ። በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ልጅቷ በሕግ እንደተወለደች ነው...»

«አውቃለሁ። ፈተናው ላይ መጥቶ በትክክል መልሻለሁ።» ማርሊስ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «ግን አባ፣ እኛ ሦስታችን አንድ ቤት ነበርን። ዌንደል ሄደ፤ ልጄም ሄደች። ያንን ቤት አልነበረም ብዬ የምፈርምበት እጅ የለኝም።»

አባ ገርሃርት ብዕራቸውን ከደኑ። «እንግዲያው እኔም መፈረም አልችልም» አሉ።

«ይፈርሙልኝ አላልኩም» አለችና ካፖርቷን አነሳች።

ኤልደን ሲሰማ ማንኪያውን ወረወረ። «አንዲት ቃል! አዎ ብትይ ምን ትሆኛለሽ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ልጆቹን ‹አትዋሹ› ስል ኖሬ?»

ኤልደን አቀረቀረ። «እኔን ባታገቢ ኖሮ...»

«ኧረ ዝም በል! ሾርባህ ቀዘቀዘ።»

ቁርባኑ ሁለት ወር ሲቀረው ክፍሉን ለጆሊን አስረከበች። ጆሊን ባንክ የምትሠራ ወጣት ናት፤ ሥልጠናው ላይ አንቀላፍታም ቢሆን ወረቀቱን አግኝታለች።

«እኔ እኮ ምኑንም አላውቀው፣ ማርሊስ» አለቻት፣ ፊቷ ቀልቶ።

«ትለምጂዋለሽ» አለች ማርሊስ፣ የልጆቹን ስም ዝርዝር እያሳየቻት። «ይሄ ልጅ ደረቅ ነገር ያንቀዋል፤ ባልተባረከው ኅብስት አስቀድመሽ አለማምጂው። የዚች የብሪን አባት እስር ቤት ነው፤ ‹አባታችን ሆይ› ስትሉ እጇን ያዥ። ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪያት።»

በግንቦት፣ በቁርባኑ ቀን፣ ማርሊስ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆመች። ልጆቹ ነጭ ለብሰው ተሰልፈው ሲያልፉ ብሪን አየቻትና እጇን አወዛወዘችላት። ቅዳሴው ሲያበቃ የብሪን እናት መጣችባት።

«ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ‹ሚስ ማርሊስ ለምን ጠላችን?› እያለች አለቀሰች። መጨረሻው ላይ ጥሎ መሄድ ምን ይባላል? ቄሱን ብጠይቅ አንገታቸውን ደፉ።»

አባ ገርሃርት ከደረጃው ላይ ሆነው ያይዋቸው ነበር፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ማርሊስ አየቻቸው።

«ደከመኝ» አለች። «አርጅቻለሁ፤ ቄሱ የሚያውቁት ነገር የለም።»

ሴትየዋ ከንፈሯን መጥጣ ሄደች።

ኤልደን መኪናው ውስጥ ይጠብቃት ነበር። «እንዴት ነበር?» አላት።

«ሁሉም ጮክ ብለው አሜን አሉ። ያ ልጅም አልታነቀ» አለችና፣ ቀበቶዋን ሳታስር ተቀመጠች። ኤልደን ጎንበስ ብሎ አሰረላት። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ሄዶ ግቢው ባዶ እስኪቀር ድረስ፣ እሷ እያለቀሰች፣ እሱም ሞተሩን ሳያስነሳ፣ እዚያው ተቀመጡ።